«ከኛ ማን አሸነፈ?»

ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። ረመዷን ከገባ ሦስተኛው ሌሊት። እናት ሱሑር ታሞቃለች፣ አባት ውዱእ አድርጎ ይመለሳል፣ ልጅ ደግሞ ስልኩ ላይ ተደፍቷል። ቁርኣን እየቀራ እንዳይመስላችሁ! ከሎስ አንጀለስ የሚተላለፈውን የኦስካር ሽልማት እየተከታተለ ነው። የሰው ቤት እያማሁ አይደለም፤ ቤቱ የኔው ነው፣ ልጁም ልጄ ነው። ልቆጣው አፌን ስከፍት ቀና አለና «አባዬ፣ ዘንድሮ ከኛ ማን አሸነፈ?» አለኝ።

ውድ አንባቢያን! ቁጣዬ እዚያው ቀረ። የሰዓቱ ጥፋት በምክርም በቁጣም ይታረማል። ጥያቄው ግን ሰውነቴን ነዘረኝ፤ ምክንያቱም ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ወደዚያ እመለሳለሁ።

ይህ የሆነው እ.ኤ.አ. መጋቢት 2025 ነው (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመትም እንዲሁ ነበር። የ2024ቱ ሥነ ሥርዓት በአሜሪካ መጋቢት 10 ምሽት ሲጀመር እኛ ዘንድ ከሌሊቱ 8 ሰዓት፣ የመጀመሪያው ጾም የሱሑር ሌሊት ነበር። ሴራ ነው የምትሉ ካላችሁ ተዉት፤ የፊልም ሰዎቹ የኛን ጨረቃ አይቆጥሩም። ጌታችን ለማኝ አለን ብሎ የሚጠይቅበትን፣ ዱዓ ተቀባይነት የሚያገኝበትን የሌሊት ሲሶ በእጃችን አሳልፈን የሰጠነው እኛው ነን።

ለመሆኑ ይህ ልባችንን የሰቀለው ኦስካር ምንድን ነው? ሽልማቱን የሚሰጠው የፊልም ጥበብና ሳይንስ አካዳሚ በ1927 ሲመሠረት ሐሳቡን ያመነጨው የኤም ጂ ኤም ፊልም ኩባንያ አለቃ የነበረው ሉዊስ ሜየር ነው። በግንቦት 1929 በአንድ ሆቴል ራት ተበላ፣ በሩብ ሰዓት ሽልማቱ ታድሎ አለቀ። የአንድ ሙያ ሰዎች እርስ በርሳቸው ተሸላለሙ ማለት ነው። ሸማኔ ሸማኔን ቢሸልም ነውር የለበትም፤ ነውሩ ገበሬው፣ ነጋዴውና መምህሩ ሁሉ የሸማኔዎቹን ሽልማት የሰው ልጅ ክብር መለኪያ አድርገው ሲይዙት ነው። ሐውልቱም ቢሆን ቁመቱ 34 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ ክብደቱ ወደ 4 ኪሎ የሚጠጋ፣ ወርቅ የተቀባ ነሐስ ነው። ተሸላሚው ሊሸጠው ቢፈልግ አስቀድሞ ለአካዳሚው በ1 ዶላር ሊያቀርብለት ይፈርማል!

ዳኝነቱንስ ተመልከቱ። ድምፅ የሚሰጡት አባላት ወደ 10 ሺህ ይጠጋሉ። እነዚህ ሰዎች ለመጨረሻው ድምፅ የቀረቡትን ዕጩ ፊልሞች በሙሉ እንዲያዩ የሚያስገድድ ደንብ በአብዛኛው ዘርፍ አልነበረም። አካዳሚው ያላየ አይፍረድ የሚል ደንብ ያወጣው በሚያዝያ 2025 ነው፤ ከተመሠረተ 98 ዓመት ሊሞላው ሲል! በኛ ዘንድ ያላየውን አየሁ ያለ ምስክር ቃሉ ይወድቃል። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል ኢስራእ ዕውቀት የሌለንን ነገር እንዳንከተል አዞናል፤ ጆሮም ዓይንም ልብም እንደሚጠየቁ አሳስቦናል። ታዲያ ፊልሙን ሳያዩ እንዲፈርዱ ተፈቅዶላቸው በኖሩ ሰዎች ፍርድ የሙስሊም ልጅ አንገቱን ቀና ወይም ደፋ የሚያደርገው ለምንድን ነው?

«ከኛ» ወደሚለው ቃል ልመለስ። በ1963 «ሎውረንስ ኦፍ አረቢያ» በ10 ዘርፍ ታጭቶ 7 ሐውልት ወሰደ። ስለ ዐረቦች አመፅ የተሠራ ፊልም ነው፤ ጀግናው ግን እንግሊዛዊ መኮንን ነው። የመካው ሸሪፍ ልጅ ፈይሰልን የተጫወተው እንግሊዛዊው አሌክ ጊነስ፣ የበደዊኑን አለቃ ዐውዳን የተጫወተው ሜክሲኮ የተወለደው አንተኒ ኩዊን ነው። ግብፃዊው ኦማር ሸሪፍ በረዳት ተዋናይነት ታጭቶ ባዶ እጁን ተመለሰ። የፊልም ጥበቡን አልክድም፤ በረሃው ሲታይ ያስደምማል። አሁን ደግሞ ሙስጠፋ አል ዐቃድ በ1976 ያወጣውን «ዘ መሴጅ» አስታውሱ። ብዙዎቻችን በቪዲዮ ካሴት ደጋግመን ያየነው፣ የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መልክም ድምፅም የሌለበት ፊልም ነው። ሐምዛን (ረ.ዐ.) ሆኖ የሠራው ያው አንተኒ ኩዊን፣ ሙዚቃውን የደረሰውም ያው የሎውረንሱ ሞሪስ ዣር ነበር። በ1978 ከኦስካር ያገኘው በሙዚቃው አንድ ዕጩነት ብቻ ነው፤ እሱንም «ስታር ዋርስ» የተባለው የጠፈር ፊልም ወሰደው። የትኛው ፊልም ነው አባቶቻችንን ያስለቀሰው? ካልተሸለመ በኋላ ከቤታችን የጠፋ ነገር አለ?

የራሴን ጥፋት አልደብቅም። በ2017 ማህርሻላ ዓሊ በረዳት ተዋናይነት ሲያሸንፍ ጋዜጦች «በትወና የተሸለመ የመጀመሪያው ሙስሊም» ብለው ጻፉ፤ እኔም በቤቴ ልጆቼን ጠርቼ «አያችሁ!» አልኩ። ስለሚከተለው ጀማዓ ክርክር ተነሥቶ ነበር፤ እሱን ለዑለማዎች ትቼዋለሁ። እኔን የሚያሳፍረኝ ሌላ ነው። ፊልሙ ስለምን እንደሆነ ሳልጠይቅ ነው የጮህኩት። ሰውየው የተሸለመው የአደንዛዥ ዕፅ ነጋዴ ሆኖ በሠራበት ፊልም ነበር። አካዳሚውን ሳታይ ትፈርዳለህ ብዬ የምወቅስ ሰው እኔው ሳላይ አጨበጨብኩ። ልጄ «ከኛ» ማለትን የተማረው ያን ቀን ነው።

በዚያው ሌሊት፣ በዚያው አዳራሽ ኢራናዊው አስግር ፈርሃዲ «ዘ ሴልስማን» በተባለው ፊልሙ ተሸልሟል፤ እሱ ግን አልተገኘም። ፕሬዚዳንት ትራምፕ አብዛኛው ሕዝባቸው ሙስሊም የሆነ 7 አገሮችን ዜጎች ወደ አሜሪካ እንዳይገቡ ያወጡትን ትእዛዝ ተቃውሞ ቀረ፤ መልእክቱን ሌላ ሰው አነበበለት። አዳራሹ አጨበጨበለት። ማጨብጨብ ቪዛ አይሆንም።

ከሁሉ በላይ ግን የሐምዳን በላልን ነገር አስቡ። ልጄ በጠየቀኝ በዚያ ሌሊት ከዌስት ባንክ ደቡብ፣ ከመሳፈር የጣ የመጡ ፍልስጤማውያንና ከነሱ ጋር የሠሩ እስራኤላውያን «ኖ አዘር ላንድ» በተባለው ዘጋቢ ፊልማቸው ተሸለሙ። ፊልሙ የእስራኤል ጦር የመንደሩን ቤቶች ሲያፈርስ ያሳያል። ከመድረኩ ላይ ሐውልት የተሰጠው ይህ ፊልም በዚያው በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች የሚያሰራጨው ኩባንያ አላገኘም ነበር። ሦስት ሳምንት አለፈ። መጋቢት 24፣ የመንደሩ ሰዎች በሚያፈጥሩበት ሰዓት አካባቢ ሰፋሪዎች ሱስያ በተባለው መንደራቸው ላይ ወረዱ። ከአራቱ የፊልሙ አዘጋጆች አንዱ የሆነው ሐምዳን ከቤቱ አጠገብ ተደበደበ፤ ወታደሮችም ወስደው አሠሩት፤ የተለቀቀው በማግስቱ ነው። «ኦስካር» የሚለውን ቃል ከነሱ አፍ መስማቱን ለጋዜጠኞች ተናግሯል። ክብር ነው ብለን የምንሻማበት ቃል እሱ ዘንድ የዱላው ምክንያት ሆኖ መጣ።

የሸለመው አካዳሚስ ምን አለ? የመጀመሪያው መግለጫው የሐምዳንን ስም እንኳ አልጠራም! ከ600 የሚበልጡ የገዛ አባላቱ ፈርመው ከተቃወሙት በኋላ ነው መጋቢት 28 ይቅርታ የጠየቀው። ለፈረሙት ሰዎች ምስጋና ይገባቸዋል፤ ሐቅን ከማንም አፍ ቢወጣ እንቀበላለን። ግን አንድ ጊዜ አስቡት፦ እኛ ስሙን ከነሱ መድረክ ለመስማት ሌሊቱን አጋመስን፤ እነሱ ደሙ ሲፈስ ስሙን ለመጥራት ቀናት ፈጀባቸው።

«ታዲያ ሙስሊም ፊልም አይሥራ ልትል ነው?» የሚለኝ አይጠፋም። አልልም። የፊልሙን ብይን ለሚያውቁት ትቼ፣ ሐምዳንና ጓደኞቹ ካሜራ ያነሡት ቤታቸው ሲፈርስ ለዓለም ለመመስከር መሆኑን እላለሁ፤ ለምስክርነት ደግሞ ሐውልት አያስፈልግም። በ1992 ስለ ማልኮም ኤክስ የተሠራው ፊልም ሐጁን የሚያሳየውን ክፍል መካ ድረስ ሄዶ ቀርጿል። ዴንዝል ዋሽንግተን ታጨ፤ አላሸነፈም። በዚያ ዓመት ማን እንደተሸለመ ሳትጠይቁ የምታውቁ ስንቶቻችሁ ናችሁ? ማልኮምን ግን ታውቁታላችሁ።

በልጅነቴ ጭቅጭቃችን ቤት ውስጥ ቪዲዮ ይግባ አይግባ የሚል ነበር፤ ቀጥሎ ዲሽ ጣሪያ ላይ ይሰቀል አይሰቀል ሆነ። አካዳሚው ከ2029 ጀምሮ ሥነ ሥርዓቱን በዩቲዩብ በነፃ ለዓለም ሁሉ እንደሚያስተላልፍ አስታውቋል። ከጣሪያ የምናወርደው ነገር አይኖርም።

ለልጄ በዚያ ሌሊት «ብላ፣ አዛን ሊል ነው» ብቻ ነው ያልኩት። ሦስት ሳምንት ቆይቼ የሐምዳንን ወሬ አነበብኩለት። ዝም ብሎ አዳመጠና «ቤቱስ? አፈረሱት?» አለኝ። ስለ ሐውልቱ አልጠየቀም። ስለዚያች መንደር እስከ ተራዊሕ ስናወራ አመሸን።