የምሽት ዕረፍትና የእጅ ሥራ

ሰው ሲሠራ ውሎ ሲደክመው ዕረፍት እንደሚያሻው የታወቀ ነው። ነገር ግን ዕረፍት ማለት እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ብቻ አይደለም። ዛሬ ብዙ ሰው ከሥራው ሲመለስ በእጅ ስልኩና በቴሌቪዥኑ ላይ ዓይኑን ተክሎ ያመሻል፤ ከቤተ ሰቡም ጋራ ሳይጨዋወት፥ ልቡ እንደ ተበተነ ይተኛል።

የመንዝ ደጋ ግን ከዚህ የተሻለ ልማድ አለው። አገሩ ብዙው ከባሕር ወለል በላይ ወደ 3000 ሜትርና ከዚያም በላይ ስለ ሆነ ብርዱ ጽኑ ነው፤ ስለዚህ የመንዝ በግ ጠጕር ተሸልቶና ተባዝቶ፥ በእንዝርትም ተፈትሎ፥ ባናና ዝተት ይሆናል። ከጓሳ ሣርም ገመድና ገሳ ይሠራል። በእሳት ዙሪያ እንዝርቱ ሲሾር እጅ ሥራውን ይሠራል፤ ጆሮና አንደበት ግን ለጨዋታ ነጻ ናቸው፤ ልጅም እያየ ይማራል።

ይህን መልካም ልማድ ከሚያዳክሙት ነገሮች አንዱ ንቀት ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ አውጀው ነበር፤ ሆኖም ንቀቱ እስካሁን ከሰው ልብ ፈጽሞ አልወጣም። ሐዋርያው ጳውሎስ እንኳ ወንጌልን እየሰበከ ድንኳን ይሰፋ ነበር።

እንግዲህ ሹምም ሆነ ካህን ከምሽቱ አንዲቱን ሰዓት ስልኩን አኑሮ ገመድ ቢገምድ፥ ያረጀ መጽሐፍ ቢጠርዝ፥ ማዕረጉ አይቀነስም። ልቡ ያርፋል፤ ልጆቹም ሥራን ማክበር ከእርሱ ይማራሉ።