የቤተ መዘክር ዕቃና ባለቤቱ

የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም በ1955 ዓ/ም ከተመሠረተ ጀምሮ፥ በቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የሚገኘው ቤተ መዘክሩ የቅዱሳን ሥዕላትን፥ መስቀሎችን፥ የዜማ መሣሪያዎችንና የባላገሩን የእጅ ሥራ ሰብስቦ በመጠበቁ ምስጋና ይገባዋል። በአራት ኪሎ ያለው የአዲስ አበባ ዩኒቬርሲቲ የአራዊት ቤተ መዘክርም እንዲሁ ሊመሰገን ይገባዋል። ነገር ግን ዕቃን መሰብሰብ የሥራው መጀመሪያ እንጂ ፍጻሜው አይደለም። ዕቃው የተገኘበት ሕዝብ ስለ ራሱ የተጻፈውን ሰምቶ ካላቃናው፥ የተሰበሰበው ነገር ስም እንጂ ታሪክ አይኖረውም።

ለዚህም የመንዝ ጓሳ በቂ ምስክር ነው። ከባሕር ወለል ከ3200 ሜትር በላይ ከፍ ባለው በዚህ ደጋ፥ የመንዝ ሰዎች ከ400 ዓመት ያህል በፊት ጀምሮ ቄሮ በተባለው ሥርዓት ሣሩን ሲጠብቁ ኖረዋል። የአስቦና የጌራ ተወላጆች አለቆቻቸውን መርጠው፥ ጓሳው ለጥቂት ዓመታት እንዲዘጋ፥ ሲደርስም ተከፍቶ ሣሩ እንዲታጨድና ከብት እንዲሰማራበት ይወስኑ ነበር። በሣሩም ቤት ይከደናል፥ ገመድ ይገመዳል፥ ዝናምና ብርድ የሚከላከል ገሳ ይሠራል። ጭላዳ ዝንጀሮና ቀይ ቀበሮ እስከ ዛሬ በዚያ መገኘታቸው የዚሁ ጥበቃ ፍሬ ነው።

የ1967 ዓ/ም የመሬት ዐዋጅ የርስትን ሥርዓት ሲሽር ቄሮም አብሮ ቀረ። ምንም እንኳ ኋላ የአገሩ ሰው በኮሚቴ ተሰብስቦ ጥበቃውን ቢያድሰው፥ የጥንቱን ሕግ በዓይኑ ያየ ሰው ከዓመት ወደ ዓመት ቍጥሩ ይቀንሳል። በዚያን ጊዜ የ20 ዓመት ጐልማሳ የነበረው ዛሬ 70 ዓመት አልፎታል። ገሳ በቤተ መዘክር ቢሰቀል ብዙ ዘመን ይቈያል፤ የሽማግሌ ቃል ግን ካልተጻፈ ከባለቤቱ ጋራ ይቀበራል።

ኤድዋርድ ሩፐል የተባለው የፍራንክፈርት ተወላጅ ጭላዳን በስሜን አይቶ፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1835 ዓ/ም በመጽሐፍ ገለጸው፤ የሰበሰባቸውም አራዊት በከተማው ቤተ መዘክር ተቀመጡ። መጽሐፉ ግን የተጻፈው ለአውሮፓ ሊቃውንት እንጂ አውሬውን ዕለት ዕለት ለሚያየው ለደጋው እረኛ አልነበረም። አገሪቱ የራሷ ዩኒቬርሲቲዎች ካሏት ዘንድ፥ ይህ ዓይነት አሠራር በእነርሱ ሊደገም አይገባም።

ስለዚህ የአዲስ አበባ ዩኒቬርሲቲ፥ በ1999 ዓ/ም ከተቋቋመውና ለመንዝ ጎረቤት ከሆነው ከደብረ ብርሃን ዩኒቬርሲቲ ጋራ ተባብሮ፥ የሽማግሎችን ቃል ቢያስቀዳና ቢያስጽፍ፥ በየዕቃውም አጠገብ የሠሪውንና የመንደሩን ስም ቢያኖር፥ ሥዕሉንና ጽሑፉንም በገበያ ቀን ወደ መሐል ሜዳ ወስዶ ለሕዝቡ ቢያሳይ ይበጃል። ለዚህ የሚበቃ ገንዘብ የለም የሚል ቢኖር፥ መቅረጸ ድምፅና ደብተር ይዞ ወደ መንደር መውጣት ሕንፃ የመሥራትን ያህል ወጪ እንደማይጠይቅ ያስብ።

የወረዳው ሹማምንት ተማሪዎቹን ተቀብለው መንገዱን ቢያቃኑ፥ ካህናቱም በየአጥቢያው የሚያውቁትን ሽማግሌ ቢያመለክቱ ሥራው ይፈጥናል። የቤተ ክርስቲያን ንዋየ ቅድሳትም ከስፍራቸው ሳይነሡ በፎቶግራፍ ብቻ ሊመዘገቡ ይችላሉ። ይህ ሁሉ ሳይዘገይ ቢፈጸም፥ የመንዝ ልጅ ከቤተ መዘክሩ በገባ ጊዜ የአያቱን ገሳ ከነጥበቡና ከነሕጉ ያገኘዋል።