የወገብ ሕመም በፓናዶል ብቻ አይድንም

እህቶቼ፣ ወገባችንን ሲያመን ማዳም ቶሎ ብላ የምትሰጠን ፓናዶል ነው። ለዛሬ ያስታግስ ይሆናል። ከ3 ወር በላይ የቆየ ሕመም ግን ሥር የሰደደ ይባላል፣ ሕክምናውም ከአንድ ኪኒን በላይ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው መመሪያ ሥር ለሰደደ የወገብ ሕመም ከሚመክራቸው ውስጥ ስለ ሕመሙ ትምህርት፣ የሰውነት እንቅስቃሴና የሥነ ልቦና ድጋፍ ይገኙበታል። የወገብ ቀበቶን አይመክርም። ለዚህ ነው በቡድን የሚሰጥ ሕክምና ያለው፦ ሐኪሙ ከባድ በሽታ አለመኖሩን ያያል፣ ፊዚዮቴራፒስቱ ወገብን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ ያሳያል፣ የሥነ ልቦና ባለሙያው ጭንቀትንና እንቅልፍ ማጣትን ያግዛል። ጭንቀት ሕመምን ያብሳል ማለት ግን ሕመምሽ ውሸት ነው ማለት አይደለም።

በእኔ እምነት ለእኛ ይህ ቡድን ያለ ማዳም አይሟላም። እኔም የሰው ቤት ሠርቻለሁና አውቀዋለሁ፦ ጠዋት ወገብሽን ያፍታታሽው ማታ ምንጣፍ ብቻሽን ተሸክመሽ ደረጃ ከወጣሽ ምን ዋጋ አለው? አሮጊቷን ለሁለት ማንሳት፣ እጀታው ረጅም የሆነ መወልወያ፣ በቀን 20 ደቂቃ ለእንቅስቃሴ። ይህ ቅንጦት አይደለም፣ የሕክምናው አካል ነው።

«ከተናገርኩ ወደ አገሬ ትመልሰኛለች» ብላችሁ የምትፈሩ አላችሁ። ፍርሃቱ ከመሬት የመጣ አይደለም። ስለዚህ ሐኪሙን ተቅሪር ጠይቂው፣ ምን ማንሳት እንደሌለብሽ በግልጽ ይጻፍበት። ለማዳም «አልችልም» ከማለት «ይህ ከተስተካከለልኝ ሥራዬን እቀጥላለሁ» ማለት ይሻላል።

ሕጉንም እወቂ። በተባበሩት አረብ ኤምሬቶች የቤት ሠራተኛ በሐኪም ማስረጃ በዓመት እስከ 30 ቀን የሕመም ፈቃድ አላት፣ 15ቱ ከሙሉ ደመወዝ ጋር ነው። በኩዌትም የ2015 ሕግ ሳምንታዊ የእረፍት ቀን ሰጥቷል። ሊባኖስ ግን የሠራተኛ ሕጉ የቤት ሠራተኛን አያቅፍም፣ እዚያ ያላችሁ የፈረማችሁትን ውል ይዛችሁ ተነጋገሩ።

እረፍት ስል አልጋ ላይ መክረም ማለቴ አይደለም፤ ቀስ እያሉ መንቀሳቀስ ይረዳል።

አንድ ነገር ግን ቀጠሮ አይጠብቅም፦ እግርሽ ከዛለ፣ በጭንሽ መሃል ከደነዘዘሽ፣ ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ካቃተሽ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ሂጂ። የማዳምን ፈቃድ አትጠብቂ።