ወይን በአምቦ የሚጠጣ ሰው ላይ አትሳቁ

ወይን በኮካ ቀላቅሎ የሚጠጣ ሰው የሚያስቃችሁ ከሆነ ትኬት ቁረጡና ስፔን ሄዳችሁ ሳቁ። ሰሜን ስፔን፣ ባስክ አገር፣ ወጣቱ ቀይ ወይንና ኮካ እኩል ለእኩል ቀላቅሎ በረዶ ጨምሮበት ይጠጣል። ካሊሞቾ ይሉታል። ስሙ የወጣለት እ.ኤ.አ. በ1972 አልጎርታ በምትባል የባሕር ዳር ሰፈር፣ በአንድ የበዓል ድግስ ላይ ነው ይባላል። ወደ ደቡብ ስትወርዱ ደግሞ ቀይ ወይን በሎሚ ለስላሳ አቅጥነው ቲንቶ ዴ ቬራኖ ይላሉ፤ «የበጋ ቀይ» እንደማለት ነው። እነዚህ እንግዲህ በዓለም ላይ ሰፊውን የወይን ማሳ የያዙ ሰዎች ናቸው።

እኛ ጋ ግን ነውር ነው። ቦሌ አካባቢ ስሙን የማልጠራው አንድ ቤት ውስጥ ጓደኛዬ ጉደር በአምቦ አዘዘ። አስተናጋጁ ፈገግ ብሎ «ወይኑን እኮ ያበላሸዋል» አለና፣ ከፈለግን ጥሩ የስፔን ሪዮሃ እንዳለ ነገረን። ጓደኛዬ ቢራ አዘዘ። የሚያናድደኝ ይሄ ነው፦ ሰውየው የሚወደውን ያውቃል፣ ገንዘቡም የራሱ ነው፣ ግን በአንዲት ፈገግታ ወይን «የኔ ነገር አይደለም» ብሎ ተወው። (ጉደርና አምቦ ደግሞ ጎረቤታሞች ናቸው! ጉደር ከተማ ከአምቦ ጥቂት ኪሎ ሜትር አለፍ ብሎ ነው ያለው።)

ስለ ሪዮሃ ክፉ አልናገርም፤ ግሩም ወይን ነው። ዋናው ዘሩ ቴምፕራኒዮ ይባላል፤ ቶሎ ስለሚበስል «ቀደም ያለ» ከሚል ቃል የወጣ ስም ነው። ጥሩው ሲገጥማችሁ አይከብድም፣ አፍ አያንቅም፣ ከበርሜሉ እንጨት የቀረ ሽታ አለው። እኔን የሚያስቀናኝ ግን ጣዕሙ ሳይሆን ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ነው። «ክሪያንሳ» ካለ ቢያንስ ሁለት ዓመት ቆይቷል። «ሬሴርቫ» ሦስት። «ግራን ሬሴርቫ» አምስት፣ ከዚያም ሁለቱን በበርሜል ውስጥ። ሕግ ነው፤ ሻጩ ስለፈለገ አይጽፈውም። ሦስት ቃል የሚያውቅ ሰው የማንንም ፈገግታ ሳይፈራ መርጦ ይገዛል። ጣፋጭ መውደድም እዚያ የመሃይም ምልክት አይደለም፤ ኼሬዝ ውስጥ አጥንት ድረስ ደረቅ የሆነው ፊኖ እና እንደ ማር የሚንጠባጠበው ፔድሮ ሂሜኔዝ የአንድ አካባቢ ልጆች ናቸው።

አሁን ወደ ጉለሌ ልመልሳችሁ። ሽሮሜዳ ወይም አዲሱ ገበያ አንድ ጠጅ ቤት ግቡና ትልልቆቹ እንዴት እንደሚያዙ ስሙ፤ «ደረቅ»፣ «መካከለኛ»፣ «ለስላሳ»። አለቀ። እርሾው የማሩን ስኳር በልቶ ሲጨርስ ደረቅ ነው፤ ገና ሲቀረው ለስላሳ ነው። ወይን ላይም የሚሠራው ያው እርሾ፣ ያው ስኳር ነው። (ደረቅ የሚጠጡት ትንሽ ይኮራሉ፣ እሺ። ግን ለስላሳ ያዘዘውን ቢራ አያስጠጡትም።) ቋንቋው ራሱ ነግሮናል እኮ፤ «ወይን ጠጅ» ነው ያልነው፣ ከወይን የተጣለ ጠጅ።

ታዲያ ሜኑ ላይ «ድራይ» እና «ሚዲየም ስዊት» የሚል ነገር ከየት መጣ? የዕድሜ እኩዮቼ «ድራይ» ማለት መራራ ወይም ኃይለኛ ማለት ይመስላቸዋል። አያታቸው በብርሌ ሲያዙት የኖሩት ቃል መሆኑን ማን ነገራቸው? የምተዳደረው ሶፍትዌር በመጻፍ ነው፤ ለነገሩ ትክክለኛ ስም ከሰጠኸው ግማሹ ችግር ይፈታል፣ የተሳሳተ ስም ከሰጠኸው ደግሞ ከአንተ በኋላ የሚመጣው ሁሉ ይሰቃያል። እዚህ ትክክለኛው ስም ነበረን። ጣልነውና ተጠቃሚውን «አላዋቂ» አልነው።

ወይኑም አለን። ካስቴል ዝዋይ ላይ፣ 1,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ሜርሎና ሲራ ተክሎ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ሪፍት ቫሊ እና አካሺያን ይሸጣል። አዋሽ ከጉደርና ከአክሱማይት ጋር ከኛ ይበልጣል በዕድሜ። ሁለቱንም የምለምነው አንድ ነገር ነው፦ ደረቅ፣ መካከለኛ፣ ለስላሳ ብላችሁ በትልቁ፣ በአማርኛ ጻፉ። ፍሬው የተለቀመበትን ዓመትና ቦታም አጠገቡ አድርጉ።

ግራን ሬሴርቫ በኮካ ጠጡ እያልኩ እንዳይመስላችሁ። አምስት ዓመት የተጠበቀን ነገር በስኳር መድፈን ብክነት ነው፤ ብክነት ግን ነውር ማለት አይደለም። ጉደር በአምቦ ደግሞ ሁለቱም አይደለም፤ ቅዳሜ ከሰዓት ነው።

ለወይን ቤቶቹ፦ ሜኑ ላይ ሦስት ቃል መቀየር የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው። ፋይሉን ላኩልኝ፣ በነፃ እቀይርላችኋለሁ።