«ዕድሜ አይገድብም» የሚሏችሁን አትመኑ!

«ያልጎለመሰ እንቁላል በላብራቶሪ አጎልምሰን፣ ያለ መርፌ፣ በማንኛውም ዕድሜ እናስወልዳለን» የሚል ማስታወቂያ በውስጥ መስመር ብዙዎቻችሁ ልካችሁልኛል። ሕክምናው እውነት ነው። ማስታወቂያው ግን ያታልላል።

አይቪኤም ይባላል። በተለመደው አይቪኤፍ እንቁላሎቹ እዚያው ኦቫሪ ውስጥ እንዲጎለምሱ ለ10 ቀን ገደማ የሆርሞን መርፌ ትወጋላችሁ። በአይቪኤም ገና ሳይጎለምሱ ይወጡና ላብራቶሪ ውስጥ ከ1 እስከ 2 ቀን ይጎለምሳሉ፤ ከዚያ ከወንዱ ዘር ጋር ይዋሐዳሉ። መርፌው ይቀንሳል እንጂ ሁልጊዜ አይቀርም። (እንቁላሉ ራሱ የሚወጣው በመርፌ ነው እኮ!)

በዋናነት የሚጠቅመው ፒሲኦኤስ ላለባችሁ ነው። ብዙ እንቁላል ስላላችሁ በሆርሞኑ ኦቫሪያችሁ ከልክ በላይ አብጦ ሆዳችሁ ውሃ ሊቋጥር ይችላል። አይቪኤም ከዚህ አደጋ ያድናል ማለት ይቻላል። ግን በነፃ አይደለም፦ ብዙ እንቁላል ባላቸው 546 ሴቶች ላይ ቬትናም ውስጥ ተሠርቶ በ2020 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት፣ ከመጀመሪያው የፅንስ ዝውውር በኋላ የወለዱት በአይቪኤም 35 በመቶ፣ በአይቪኤፍ 43 በመቶ ናቸው።

ክምችቷ የተመናመነው የ44 ዓመቷ እህታችንስ? ላብራቶሪ እንቁላል ያጎለምሳል እንጂ ወጣት አያደርግም፤ የሌለውንም አይፈጥርም። እሷን አባብሎ ዕቁቧን መብላት ሕክምና ነው?

ብር ከመክፈላችሁ በፊት በአልትራሳውንድ የእንቁላል ከረጢቶቻችሁን አስቆጥሩ። «በእኔ ዕድሜ፣ እዚሁ እናንተ ጋ፣ በአይቪኤም ስንት ሴት ታክማ ስንቷ ወለደች?» ብላችሁ ጠይቁ። ቁጥሩን ካልነገሯችሁ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ውጡ።