ዋሽንት ነፊዎቹ

ሰሞኑን በመኝታ ቤታችን ክርክር ተነሥቶ ነበር። ጥያቄው «በአስፈሪ ልብ ወለድ ውስጥ ከሁሉ የሚያስፈራው ምንድን ነው?» የሚል ነው። አንዱ ጭራቅ ነው አለ፤ ሌላው ከመቃብር የሚነሣ ሙት ነው አለ። እኔ «ዋሽንት ነፊ» ብል ሳቁብኝ። እስቲ ምክንያቴን ልዘርዝር፤ ፍርዱን ለአንባቢ እተዋለሁ።

አሜሪካዊው ደራሲ ኤች. ፒ. ላቭክራፍት (1890–1937 እ.ኤ.አ.) አዛቶት የሚባል ባዕድ አምላክ በድርሰቶቹ ፈጥሯል። ይህ አምላክ በጠፈር እምብርት ይኖራል፤ ዕውር ነው፣ አእምሮም የለው። ቅርጽ የሌላቸው ሎሌዎች ከበውት ይጨፍራሉ፤ ከበሮ ይደለቃል፤ ቀጭን ዋሽንት ይነፋል። ዜማው ያው ነው፤ አይለወጥም። ነፊዎቹ ለምን እንደሚነፉ የሚያውቁ አይመስልም፤ የሚነፉለትም አምላክ አይገባውም።

ይህን ላቭክራፍት ያደንቀው ከነበረው ከአየርላንዱ ደራሲ ከሎርድ ደንሴኒ ጋር እናነጻጽር። ደንሴኒ በ1905 እ.ኤ.አ. ባሳተመው «የፔጋና አማልክት» ውስጥ ስካርል የሚባል ከበሮ መቺ አለ። ታላቁ አምላክ እንዲተኛ ይመታል፤ ለአፍታ ቢያቆም አምላኩ ይነቃል፤ ዓለማትም አማልክትም ይጠፋሉ። እንግዲህ ስካርልም የሚመታው ሳያቋርጥ ነው። ግን ምቱ ዓለምን ያቆማል፤ ምክንያት አለው። የአዛቶት ነፊዎች ድካም ግን ከንቱ ነው። እኔን የሚያስፈራኝ መልካቸው ሳይሆን ይኸው ነው።

ታዲያ ይህ እኛን እጩ መምህራንን ምን አገባን? ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነው። ላቭክራፍት ራሱ እንደጻፈው፣ ልጅ ሳለ ዜማ ይወድ ነበር። በሰባት ዓመቱ ቫዮሊን ስጡኝ ብሎ ለመነ፤ ተሰጠው። ጎበዝም ነበር፤ በሰው ፊት ሞዛርትን እስከ መጫወት ደረሰ። ነገር ግን አሰልቺው ልምምድ ነርቩን ጎዳው፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ቫዮሊኑን ጠላ፤ ሐኪምም ይተው አለ። አዛቶትን የወለደው ያ ልምምድ ነው አልልም፤ ማስረጃ የለኝም። ዜማ ወዳድ የነበረ ልጅ ቫዮሊን ጠልቶ መቅረቱ ግን እርግጥ ነው። ለአስተማሪ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

«ያለ ድግግሞሽ ትምህርት አለ እንዴ?» የሚል ይኖራል። የለም፤ እኔም ፊደልና የማባዛት ሠንጠረዥ ያወቅሁት በድግግሞሽ ነው። ጥያቄዬ ሌላ ነው። ስድሳ ልጅ በአንድ ድምፅ «አምስት ሲባዛ በሰባት ሠላሳ አምስት» ሲል፣ አምስት ረድፍ ላይ ሰባት ሰባት ጠጠር ደርድሮ የቆጠረ ስንቱ ነው? ካልቆጠረ የሚያሰማው ዜማ ብቻ ነው። አስተማሪውም ካልጠየቀው፣ ማን አዛቶት፣ ማን ነፊ እንደሆነ መለየት እኮ ያስቸግራል።

ስለዚህ ለማስተማር ልምምድ ስንወጣ አንድ ነገር እንሞክር። በትምህርት ዕቅዳችን ላይ «ተማሪዎች ይደግማሉ» ብለን በጻፍን ቁጥር ከጎኑ «ለምን?» የሚለውን እንመልስ። መልሱ ከጠፋን ያንን መስመር እንሰርዘው። ልጆቹ ስካርልን ይሁኑ፤ ለምን እንደሚመቱ ይወቁ።