ትራስ አቅፎ የሚያድር ባል

ሞጣ በነበረን የእህቶች ጉባኤ ከቢቸና የመጣች አንዲት እህት ለብቻዬ ወስዳ፣ «ባለቤቴ ወፍጮ ቤት መሥራት ከጀመረ 20 ዓመቱ ነው። ሌሊት ደረቱን ይዞ ተቀምጦ ያድራል። ‹ጸልዬበታለሁ› ይለኛል፤ እኔም የተኛሁ እመስላለሁ» አለችኝ።

እህቴ ሆይ፣ አታስመስዪ። ተነሺና አብረሽው ተቀመጪ።

የእህል ብናኝ ለዓመታት ሲሳብ የአየር ቧንቧን ያስቆጣል፣ ያጠብባል። ሳንባው ራሱ ሕመም አይሰማውም፤ የሚያመው ብዙ ጊዜ ሳል ያደከመው የጎድን ጡንቻ ወይም የሳንባው ሽፋን ነው። ስለዚህ ሲያስለው ትራስ ደረቱ ላይ አጥብቆ ይቀፍ፤ ሕመሙን ያቀልለታል። ትንፋሽ ሲያጥረው ወደ ፊት ዘንበል ብሎ በአፍንጫው ይሳብና ትኩስ ሻይ እንደሚያቀዘቅዝ ሰው በቀስታ ያውጣው። ፓራሲታሞል ሐኪም በነገረው ልክ ይውሰድ። ትራማዶልና ኮዴን ግን ከጎረቤት ተለምነው የሚዋጡ አይደሉም፤ ትንፋሽን ያዳክማሉ። ሳሉ ሁለት ሳምንት ካለፈው የቲቢ ምርመራ ያድርግ። ደም የቀላቀለ አክታ ወይም ድንገተኛ ውጋት ካየሽ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ውሰጂው።

ጳውሎስ እንኳ ለጢሞቴዎስ የሆድ ሕመም ጸሎት ብቻ አላዘዘለትም። (ያዘዘለትን ለባሎቻችን አናንብብላቸው እንጂ!)

ወፍጮ ቤት ውስጥ ነጠላ አፍ ላይ መጠምጠም ደቃቁን ብናኝ አያስቀርም። ደህና ማስክና የተከፈተ መስኮት ይሻላል።

ያቺን እህት ስለ ምጣዱ ጭስ ልነግራት ረሳሁ። ባሏ ደክሞ ቤት ሲገባ እሱም ያንኑ ሳንባ ይጠብቀዋል፤ የእርሷንም።